«አቤት» የሚለው ማን ነው?

የሠፈራችን ዲች ከተደፈነ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ መንገዱን ትቶ በየግቢው በር ይገባል። ከታች በኩል ያሉት እማሆይ ማታ ማታ የእህል ጆንያቸውን ከመሬት አንስተው አልጋ ላይ ያስቀምጡና እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያነጋሉ። ሠፈሩ ከምዕራብ ጎጃም ከተሞች በአንዷ ውስጥ ነው፤ የየትኛዋ እንደሆነ ለጊዜው ልተወው። በየከተማው እንዲህ ያለ ዲች አይጠፋም።

አንድ እሑድ ቡና ላይ «ማመልከቻ እናስገባ» ተባለ። ተማረ የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ ብዕሩ ለእኔ ተሰጠ። ከቀኝ በላይ ቀን፣ ከግራ በኩል «ለ…»፣ መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ የተደፈነ የፍሳሽ መውረጃ እንዲጠረግልን ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። ጎረቤታችን፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ ከጎኔ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ነገሩን አሳጥረው፤ ስሙን ግን አስረዝመው» አሉኝ። ሃያ ሦስት ሰው ፈረመ። ፊርማ የማይችሉት አሻራ አደረጉ።

ቢሮው መዝገብ ቤት ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመታልን፤ ቁጥር ተጻፈበት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሰኞ ተመለሱ። ሰኞ ስንመለስ ሐሙስ ተመለሱ። ስንወጣ አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «እኛ አቤት ብለናል። እንግዲህ እነሱ አቤት ይበሉ።»

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት አቅጣጫ

እስቲ ልብ በሉት። እናታችሁ ከጓዳ ስማችሁን ስትጠራ ምን ትላላችሁ? «አቤት!» የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ምን ይላል? እሱም «አቤት!» ነው። አንዱ ቃል የተጠራ ሰው መልስ ነው፤ የተገፋ ሰው ጩኸትም ነው። «አቤቱታ» ከዚሁ ወጣ፤ «አቤት ባይ» እና «አቤት ማለት» እንዲሁ።

በዚህ ላይ የነገር ቤተ ዘመዶቹን ጨምሩበት። «እሮሮ» አለ፤ ሰሚ ላይኖረውም ይችላል። «ጥቆማ» አለ፤ ጣት መቀሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ ስም አይጻፍበትም። «ቅሬታ» አለ፤ ከ«ቀረ» የመጣ ነው፤ ያልተሟላ፣ ልብ ውስጥ የቀረ ነገር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ የቀረውን ለመስማት የተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው። ቢያንስ ቃሉ እንደዚያ ይላል።

በድሮው ሥርዓት ግን አቤት ማለትና መክሰስ የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ከጎረቤትህ ጋር በድንበር ከተጣላህ ትከሰዋለህ፤ መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ካልከው ይቆማል፤ ካስፈለገም ልብስ ከልብስ ተቋጥራችሁ በቁራኛ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። ከገዢህ ጋር ስትጣላስ? እዚህ ላይ ተረቱ ይመጣል፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። የማይከሰስ ሰው ላይ የሚቀርህ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ዘንድ ሄዶ «አቤት» ማለት። አቤቱታ እንግዲህ መክሰስ በማይቻልበት ቦታ የተፈጠረ መሣሪያ ነው። መብትን ከመጠየቅ ይልቅ ምሕረትን ወደመለመን ያዘነብላል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ቤተ መንግሥቱ ጸጥ እንዳይል

በ1763 ዓ.ም. (ኖቬምበር 1770) ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ቦታው ሰከላ ነው፤ ዛሬ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የሚገኝ ወረዳ። ስለ ምንጩ የጻፈው በዓለም ሁሉ ተነቧል። እኔን የገረመኝ ግን ጎንደር ተቀምጦ ሳለ ያየው ነገር ነው።

ብሩስ እንደሚተርከው፣ በዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከጠዋት ጀምሮ በአቤት ባይ የተሞላ ነበር። ከየአገሩ የመጣው ሰው በየቋንቋው «ጃን ሆይ!» እያለ ያለቅሳል። አንዳንዱ በእርግጥ ተገፍቶ የመጣ ነው። ነገር ግን ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላና ባለጉዳዩ ከሩቅ መምጣት ሲያቅተው፣ ሥራ ፈቶች ተሰብስበው በባለጉዳዩ ፈንታ እንዲጮሁ ይደረግ ነበር ይለናል። ለምን? ለንጉሡ ክብር። ቤተ መንግሥቱ ጸጥ ካለ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው። ሰውየው በጩኸቱ እንደተማረረ የሰሙት ንጉሥም አንድ ቀን ለቀልድ እነዚያን አልቃሾች ወደ እሱ ቤት ላኩበት።

የእንግዳ ትረካ ነውና ጨው ጣል አድርገንበት እንቀበለው። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አለው። የአቤት ባይ ብዛት የመንግሥት ጌጥ ነበር። ጩኸቱ ራሱ ንጉሡ «የሚሰማ» መሆኑን ያሳያል፤ መልስ መሰጠቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የሕንዱ ሙጋል ንጉሥ ጃሃንጊር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 60 ቃጭል የታሰረበት የወርቅ ሰንሰለት ከአግራ ምሽጉ ወደ ውጭ አስዘርግቶ ነበር፤ የተበደለ ሁሉ እየመጣ እንዲጎትተው። ነገሥታት ጆሮ እንዳላቸው ማሳየት ይወዳሉ። ጆሮ ማሳየት ርካሽ ነው። ወርቅ ቢሆንም እንኳ።

ነገር አዋቂው ዳሞት

ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቅፎ የያዘው የዳሞት ባላገር በነገር የሚታማ አይደለም፤ በነገር የሚታወቅ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ርስት በዘር ሐረግ የሚቆጠር ስለሆነ ሰው ሁሉ የአያት ቅድመ አያቱን ስም ማስታወስ፣ ምስክር ማሰባሰብ፣ ሽማግሌ ማሳመን፣ ዳኛ ፊት መቆም ይማራል። እርሻና ሙግት እጅና ጓንት ነበሩ።

በአጥቢያው ደረጃ ችግር የሚነገርባቸው ቦታዎችም ነበሩት። ከብት ቢሰረቅ፣ ቤት ቢቃጠልና ወንጀለኛው ባይታወቅ አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እስኪገለጥ ድረስ ይቀመጣል። ግብርና ሥራ ሲመጣ ጭቃ ሹሙ አለ። ከጣሊያን በኋላ ደግሞ አጥቢያ ዳኛ ተጨመረ። መንገድ ቢበላሽ፣ ድልድይ ቢፈርስ? ያ አቤት አይባልበትም። ደቦ ወጥቶ ይሠራል። «መንግሥት ያብጅልን» የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ ነው፤ ከከተማ ጋር የመጣ።

ከተማዋም በመንገድ የመጣች ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲዘልቁ፣ ጣሊያን የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቀቀ። ንጉሡ በቡሬ፣ ከዚያም በደብረ ማርቆስ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። ድሮ ወጀት ትባል የነበረችው ቦታ «ፍኖተ ሰላም» የተባለችው ከዚያ ጉዞ ጋር ተያይዞ ነው ይባላል፤ የሰላም መንገድ። ስሟን ከንጉሥ ያገኘች ከተማ አቤቱታዋንም ወደ ንጉሥ ብትልክ አይገርምም።

ሕጉም ወደዚያው ነበር የሚመራው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያውያን ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችሉ ደነገገ። የ1948ቱ ደግሞ ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው አለ። «ለንጉሠ ነገሥቱ» የሚለውን አስምሩበት። በ1937 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ማዘጋጃ ቤቶችን አቋቁሟል፤ ስለ መብራት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻ የሚጠየቅ ቢሮ ማለት ነው። ሰዉ ልብ ውስጥ ግን እውነተኛው መልስ የሚገኘው ከላይ ነው። ስለዚህ የንጉሡ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ወረቀት ይዞ መስገድ የዘመኑ ሥዕል ሆነ። የጓሮ ድንበርም፣ የጡረታ ገንዘብም፣ የታሰረ ልጅም እኩል ወደዚያች መኪና መስኮት ይሮጣሉ።

አቤቱታው ሳይሰማ ሲቀር፦ 1960

ማንኩሳን ታውቋታላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩት ከእሷ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር ይዞ ቀረ። ነገር ግን በመሐሉ ሌላ ታሪክ አለ፦ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ እምቢ ይላል፤ በአበጀ በለው መሪነትም ይነሣል። ልብ ወለድ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ጎጃም ውስጥ በእውን ሆነ።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አይመስልም። አሥራትን አስቀርቶ ሰው ባገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል ያደርጋል፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። ታዲያ ጎጃም ለምን ተነሣ?

ምክንያቱ ከግብሩ መጠን በላይ ነው። ገቢ ለመገመት ገማች መምጣት አለበት። ገማች ከመጣ መሬት ይታያል፤ ከታየ ይለካል፤ ከተለካ ደግሞ ርስት ለመነጠቅ አንድ እርምጃ ቀረው። ደቡብ ላይ ቃላድ የተጣለበት መሬት ምን እንደሆነ ባላገሩ ሰምቷል። ጎጃም ከጣሊያን በኋላ የመጣውን የመሬት ግብር ምደባም እምቢ ብሎ፣ ሳይለካ በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተትቶ ነበር። ስለዚህ ሰዉ አንድ ትምህርት ቀስሟል፦ አቤቱታ ብቻውን አይሰማም፤ እምቢታ ይሰማል።

ሌላው ምክንያት ሰው ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በአገሬው ዘንድ የተጠሉ ነበሩ። በልዩ ልዩ ስም የሚሰበሰበው መዋጮ፣ የመሣሪያ ምዝገባው፣ የሹማምንቱ ጉቦ ለዓመታት ተከማችቷል። ባላገሩ ተወካይ መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ልኳል። ተወካዮቹ ደጅ ጠንተዋል። የሚፈልጉት መልስ ግን አልመጣም። አስቡት፤ ከዳሞት ወይም ከሞጣ ተነሥቶ፣ ስንቅ ተሸክሞ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሳምንታት በር ላይ ቆሞ፣ ባዶ እጅን መመለስ። መንደሩ ሲደርስ ምን ብሎ ይናገራል? «ሰምተውናል» ይላል? «ተመለሱ ተብለናል» ይላል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ገማቾቹ በብዙ ቦታ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ባላገሩ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። ደም ፈሰሰ። ቆይቶ ዙፋኑ ለስለስ አለ። አጣሪዎች መጡ፤ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱ ግብርም ጎጃም ውስጥ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ይጨርሱታል። እኔ ግን አንድ ገጽ ልጨምር። ደጃዝማች ፀሐዩ የት ሄዱ? ከፋ። ተዛወሩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ «ይነሡልን» ያለው እኚህኑ ገዢ ነበር። የጎጃም አቤቱታ ተመልሷል ከተባለ፣ የተመለሰው የጅማን ሕዝብ የሌላ አቤቱታ ባለቤት በማድረግ ነው። ዙፋኑ ለጩኸቱ መልስ ሰጠ፤ ለጉዳዩ ግን አልሰጠም። ገዢን ያለ ጠያቂ የሚያሠራው አሠራር እንዳለ ቀረ፤ ሰውየው ብቻ ቦታ ቀየሩ።

ጎጃም የተማረውም አደገኛ ትምህርት ነበር። ወረቀት ይዞ የሄደው ባዶውን ተመለሰ፤ ጠመንጃ ያነሣው ተሰማ። እንዲህ ያለ ትምህርት ከትውልድ ትውልድ ይሻገራል።

የሚያንጠባጥብ ጣራ

ደርግ መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም ተቋቋሙ። ቀበሌ የምንለው ከዚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አቤት የሚባልበት ቦታ በእግር አምስት ደቂቃ ሆነ። ዳኝነቱም እዚያው፣ የራሽን ስኳሩም እዚያው፣ መታወቂያውም እዚያው።

ቤቱም እዚያው። በአዋጁ መሠረት በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። የኪራይ ቅናሽም ተደረገ። ለድሃ ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ፦ ጣራህ ቢያንጠባጥብ የምታመለክተው ለአከራይህ ነው፤ አከራይህ ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ደግሞ መንግሥት ነው። በአምስትና በአሥር ብር ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም። ራስህ ላድስ ብትል ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለማግኘት ማመልከቻ ትጽፋለህ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ወለሉ ላይ ለጠብታ የተደገነ ሳፋ ያስታውሳል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነበር። ቀበሌ ጆሮ ብቻ አልነበረም፤ ዓይንና ዱላም ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን እስር ቤትም ጠባቂም ነበረው። ስለ ጣራው ልታመለክት የምትሄድበት ቢሮ ልጅህን ያሰረው ቢሮ ከሆነ፣ ዝም ማለት ይሻላል። «ጥቆማ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ የሚጎረብጠን ለዚያ ይመስለኛል። የመብራት ምሰሶ ወደቀ ብሎ መጠቆምና ጎረቤትን መጠቆም በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር፤ በአንድ ጠረጴዛም ይቀርቡ ነበር።

ደብዳቤውና በሩ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አኖረ፦ መሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍና አቤቱታ ማቅረብ። ከ1948ቱ ጋር አስተያዩት። አቤቱታው አሁን «ለንጉሠ ነገሥቱ» አይደለም፤ የዜጋ መብት ነው። ቆይቶም በ1992 ዓ.ም. የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ተቋቋመ። ሐሳቡ መነሻው ስዊድን ነው፤ እነሱ በፈረንጆቹ 1809 የጀመሩት። ስሙ ግን የእኛ ነው። «እንባ ጠባቂ» ብሎ የሰየመው ሰው የዚህን አገር አቤት ባይ በደንብ ያውቀዋል።

መብቱ ግን ወዲያው ተፈተነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው፣ የባላባት ዘር የተባሉትም «ፊውዳል» ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት ብቻ እንዲይዙ ተደረገ። መሬት ላልነበረው ወጣት ሽንሸናው ተስፋ ነበር። ለተነጠቀው ግን ቅጣት ነው። ከጎጃም የመጡ ገበሬዎች ልክ እንደ አያቶቻቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ፤ ታሰሩ። ሽንሸናው ቀጠለ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከተቀጡት ብዙዎቹ በአጥቢያቸው የሰው አቤቱታ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። በደሉም አገልግሎቱም በአንድ ስም ተጠቀለለ። በመንደር ደረጃ ጆሮ መሆን አስፈሪ ሥራ ሆነ፤ የላይኛው ሲለወጥ የታችኛው ይከፍላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ቢፒአር መጣ፤ የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የአስተያየት መስጫ ሳጥን በየኮሪደሩ ተሰቀለ። ክፋት የለውም። ቻርተሩን ቆማችሁ ብታነቡት ለየአገልግሎቱ ደቂቃ ሳይቀር ተጽፎበታል። ሳጥኑ ግን የአንድ አቅጣጫ ነገር ነው። ወረቀት ይገባበታል። ቁልፉ የማን እጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ የገባው ወረቀት ምን እንደተባለ አይታይም። የጎንደሩን ቤተ መንግሥት አስታወሳችሁ? አቤት የሚባልበት ቦታ መኖሩ ራሱ እንደ መልስ ተቆጠረ።

ሰዉ ታዲያ ምን ያደርጋል? በከተሞቻችን ያየነውን ያደርጋል። ገንዘብ ያዋጣል። ኮብልስቶን እንዲነጠፍ ያዋጣል፤ የመብራት ምሰሶ እንዲተከል ያዋጣል፤ ዘበኛ ለመቅጠር ያዋጣል። እድሩ የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ ግማሽ ይሠራል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ደቦው አልሞተም ማለት ነው። ግን ልብ እንበል፦ ማዋጣት የሚችል ሠፈር መንገድ ያገኛል፤ የማይችለው ጭቃ ይረግጣል። እማሆይም በርጩማ ላይ ያድራሉ።

ዲች ምሕረት አይደለም

ቅድም ያስያዝኳችሁን ነገር አሁን መልሱልኝ። አቤቱታ የተወለደው መክሰስ በማይቻልበት ቦታ ነው ብዬ ነበር፤ ከመጠየቅ ይልቅ ወደ ልመና ያዘነብላል ብዬም ነበር። ማመልከቻችንን ተመልከቱት። «በትሕትና እናመለክታለን»፣ «እንዲደረግልን»፣ «እንዲታይልን»። የተደፈነ ዲች ማስጠረግ የንጉሥ ቸርነት ይመስል። ግብር እየከፈልን፣ ዲቹን እንዲጠርግ ደመወዝ የሚከፈለውን ሰው እንለምናለን። አጻጻፋችን ገና ከመኪናው መስኮት ሥር አልተነሣም።

ቢሮውም እንደዚያው ነው። «ገቢ» የሚል ማኅተም አለው፤ ወረቀቱ መግባቱን ይመሰክራል። የጎደለው ሌላው ማኅተም ነው፦ ይህን አደረግን፣ ወይም በዚህ ምክንያት አላደረግንም የሚል። እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 2007 «ፊክስ ማይ ስትሪት» የሚባል ነገር ተጀመረ። ሰዉ የተሰበረ መብራትን፣ የተቦረቦረ መንገድን ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ መልእክቱ ለሚመለከተው ምክር ቤት ይላካል። ቴክኖሎጂው አይደለም የገረመኝ። ሁለት ነገር ነው። አቤቱታው ለሁሉም ይታያል፤ ጎረቤት ሁሉ «ተሠራ» ወይም «አልተሠራም» የሚለውን ያነባል። ደግሞም ከአራት ሳምንት በኋላ አመልካቹን መልሶ ይጠይቀዋል፦ ተስተካከለ ወይ? ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በቀበሌው በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። በግራ የቀረበው፣ በመሐል ቀኑ፣ በቀኝ የተሰጠው መልስ።

«ለአንድ ዲች ይህን ሁሉ ታሪክ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ። የ1960ው ነገር በግብር አልተጀመረም። በትንንሽ ባልተመለሱ አቤቱታዎች ተጀመረ፤ ግብሩ የመጨረሻው ገለባ ነበር። ትንሹ ነገር እታች ሲመለስ ሰው ወረቀት ላይ እምነት ያድርበታል። ትንሹ ነገር ሳይመለስ ሲቀር ግን ለመሰማት ትልቅ መሆን አለበት የሚል ልማድ ይሰርጻል፤ ወደ ላይ መሄድ፣ መጮኽ፣ ከዚያም የከፋ። ያንን መንገድ ይህ አገር ከአንዴም ሁለቴ ሄዶበታል፤ ዋጋውን የከፈሉት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወረቀት ይዘው የሄዱት ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ። አዛውንቱ ከጎኔ ነበሩ። «እንዲደረግልን» የሚለውን ሰረዝኩና «በስንት ቀን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይገለጽልን» ብዬ ተካሁት። ከታቹም የመጀመሪያውን ማመልከቻ የገቢ ቁጥርና ቀን ጨመርኩ። አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ይሄ ደፈር ያለ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ላይ ነክረው ከሁሉ በላይ፣ ከስሙ ሁሉ አናት ላይ፣ አሻራቸውን አሳረፉ።

ወረቀቱ ገብቷል። ቁጥር አለው። ዝናቡም እየመጣ ነው። አሁን ተራው የእነሱ ነው፤ ተጠርተዋል።